ለዞርኪ 4 ዋይድ ሌንስ፦ ቀብድ ከመክፈሌ በፊት እርዱኝ

ጥያቄ (የፍቅር ሐይቅ ልጅ፣ ሐዋሳ)
ሰላም ለሁላችሁ። አጎቴ ሶቪየት ኅብረት ተምሮ ሲመለስ ያመጣው ዞርኪ 4 የፊልም ካሜራ አሁን እኔ እጅ ነው። ሌንሱ ጁፒተር-8፣ 50 ሚሜ ነው። ሁለት ፊልም አንስቼበታለሁ፣ ቆንጆ ይሠራል። የምቸገረው ጠዋት አሞራ ገደል ስሄድ ነው። ጀልባው፣ ዓሣ አስጋሪው፣ እግሩ ሥር የሚጋፉት አባ ኮዳ ወፎች፣ ሁሉም አንድ ላይ እንዲገቡልኝ ወደ ኋላ እሸሻለሁ። ስሸሽ ደግሞ ሰው መሀል ይገባብኛል።
አዲስ አበባ ያለ አንድ ሻጭ ሚር-1 የሚባል፣ ከ50ው ሰፋ አድርጎ የሚያሳይ 37 ሚሜ ሌንስ አለኝ አለ። «ጥርሱ (የሚጠመዘዝበት) 39 ሚሜ ነው፣ ካሜራህ ላይ ልክክ ይላል» ብሎኛል። ፊቱ ላይ የ1958ቱ የብራስልስ ግራንድ ፕሪ ሽልማት ተቀርጾበታል። ቀብድ ልላክ?

መልስ (አሮጌ ካሜራ ወዳጅ)
ወንድሜ፣ እባክህ እንዳትልክ! ሻጩ ስለ ጥርሱ አልዋሸም፣ ይገባል። ግን ሚር-1 የተሠራው ለዜኒት ካሜራ ነው። ዜኒት ውስጡ መስታወት ስላለው ሌንሱ ከፊልሙ 45.2 ሚሜ ይርቃል። ዞርኪ መስታወት የለውም፣ ርቀቱ 28.8 ሚሜ ብቻ ነው። ስለዚህ ሌንሱ ከ16 ሚሜ በላይ ወደ ፊልሙ ይጠጋል፣ ቅርቡም ሩቁም ይደበዝዛል።
ክፋቱ፣ እንደ ዞርኪ ባለ ሬንጅፋይንደር (ፎከሱን በተለየ መስኮት በሚያሳይ ካሜራ) ላይ የምታየው በሌንሱ በኩል አይደለም። መስኮቱ ጥርት አድርጎ ያሳይሃል። እኔ 36ቱንም አንስቼ ጨርሼ ነው ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ያወቅሁት። የእህቴ ልጅ ክርስትና ነበር። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።
ሌንሱ ራሱ ጎበዝ ነው፣ ዜኒት ላለው ሰው።

መልስ (ከታቦር ሥር)
ጁፒተር-12 ፈልግ። 35 ሚሜ፣ ኤፍ 2.8 ነው፣ ከዞርኪህ ጋር ይስማማል። ንድፉ ከጀርመኑ ዛይስ ቢዮጎን ሌንስ የመጣ ነው። ግን ለኪየቭ ካሜራም ተሠርቷል፣ ሳታይ እንዳትገዛ።
እጅህ ሲገባ የሌንሱን የኋላ ብርጭቆ ተጠንቀቅ። እንደ እንቁላል አብጦ ወደ ካሜራው ውስጥ ይገባል። ጠረጴዛ ላይ በጀርባው ካስቀመጥከው ተጫረ ማለት ነው። ጥልቅ ክዳን አብሮ ይምጣ። አፐርቸሩ (የብርሃን ቀዳዳውን የሚያሰፋና የሚያጠብበው፣ በኤፍ ቁጥር የሚለካው) የሚዞረው ከፊት ለፊት፣ ከጠርዙ ገባ ብሎ ነው። ቀጭ አይልም፣ በጣትህ ትለምደዋለህ።
እንደገጠምከው ሐይቁ ዳር ቁምና ሌንሱን ወደ ሩቁ እስከ መጨረሻው አዙር። ማዶ ያለው ዛፍ በመስኮቱ ሁለት ሆኖ ከታየህ ማስተካከል ያስፈልገዋል።

መልስ (ሰላም ከመነኸሪያ)
ወንድሜ፣ ገንዘቡ ካለህ ቮይትላንደር የሚባሉትን ሌንሶችም አስብበት። የጃፓኑ ኮሲና ከ1999 ጀምሮ በዚሁ 39 ጥርስ ሠርቷቸዋል። በኋላ የወጡት ግን በላይካ ኤም አገጣጠም (ጥርስ የሌለው) ናቸው፣ ያንተ ላይ አይገቡም። አዳፕተሩም ባለጥርሱን ወደ ኤም ነው የሚያሻግረው፣ ኤሙን ወደ ዞርኪ አይመልስም።
ባለጥርሶቹ 15 እና 25 ሚሜ ከሬንጅፋይንደሩ ጋር አይያያዙም፣ ርቀቱን ገምተህ ነው የምታነሣው። 25ን ኤፍ 8 ላይ አድርገህ 2.6 ሜትር ላይ ብትተወው፣ ከ1.3 ሜትር ወዲያ ያለው ሁሉ ጥሩ ይወጣል። ለግርግር ይመቻል። ሆኖም ዳር ላይ የቆመ ሰው ፊቱ ይለጠጣል። አንተ የምታነሣው ሰው ስለሆነ እኔ 35ን እመርጥልሃለሁ። 35ን ኤፍ 8 ላይ 5 ሜትር ላይ አቁመው፣ ከ2.5 ሜትር ጀምሮ ይይዝልሃል።

የጠያቂው ምላሽ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ከኪሳራ አዳናችሁኝ። ለሻጩ ደውዬ ተውኩት አልኩት። ጁፒተር-12 ነው የምፈልገው። ሁለት ነገር ቀረኝ። የኪየቩን በምን ልለየው? የዞርኪው መስኮት የሚያሳየኝ 50ን ነው፣ 35ን በምን ልይ?

መልስ (ከታቦር ሥር)
የጀርባውን ፎቶ አስልከህ እይ። ዙሪያውን እንደ ብሎን የተጠመዘዘ ጥርስ ካለው ያንተ ነው። ጥርስ ከሌለው የኪየቭ ነው።
ለማያው፣ ካሜራው አናት ላይ የሚሰካ የሶቪየት ዩኒቨርሳል ቪውፋይንደር አለ። ጎማው ሲዞር 28፣ 35፣ 50፣ 85 እና 135 ያሳያል። ፎከሱን በካሜራው መስኮት አድርግ፣ ከዚያ ዓይንህን ወደ ላይኛው አንሣ። እስክታገኝ ድረስ በ50ው መስኮት አንሣ፤ ዳር ዳሩ ካየኸው ሰፋ ብሎ ይወጣል እንጂ የሚቆረጥብህ የለም። አባ ኮዳው ሳይጠራ ይገባልሃል።