ክርክር፦ የታረመ ወረቀት ላይ ማርክ ይጻፍ ወይስ አስተያየት ብቻ?

ቀይ እስክሪብቶ፦ ሰላም መምህራን! አንድ ነገር እንከራከር። ድርሰት አርማችሁ ስትመልሱ ማርኩን ትጽፋላችሁ? እኔ ትቼዋለሁ። ማርክ ያለበትን ወረቀት ስመልስ የማየውን ልንገራችሁ። ልጁ ይቀበላል፣ ዓይኑ ቀጥታ ቁጥሩ ላይ ያርፋል፣ ዞር ብሎ ጓደኛውን “አንተስ ስንት አመጣህ?” ይላል። ከዚያ ወረቀቱ ተጣጥፎ ቦርሳ ይገባል። ዳር ዳሩን ስሞላ ያመሸሁበት አስተያየት ማን አነበበው?

የሒሳቡ ሰው፦ ይሄ የቋንቋ መምህራን ቅንጦት ነው፣ አትቀየመኝ። ልጁ የት እንዳለ ማወቅ አለበት። እኛ ጋ መልሱ ወይ ልክ ነው ወይ አይደለም። ቁጥሩን ብትደብቀው ጎረቤቱን ይጠይቃል፣ ሲያቅተው እናቱን ይልክብሃል።

ቀይ እስክሪብቶ፦ ሒሳብም ቢሆን ወንድሜ! ስታርች እና ኤልየት የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1913 ያወጡትን ጥናት እይ። የአንድን ተማሪ የጂኦሜትሪ ወረቀት ከመቶ በላይ ለሚሆኑ የሒሳብ መምህራን ሰጥተው አሳረሙ። የተሰጠው ማርክ ከ28 እስከ 95 ይደርሳል። ያውም ለአንድ ወረቀት!

የሒሳቡ ሰው፦ መድኃኒቱ የእርማት መመሪያ ነው። ለአሠራሩ ይህን ያህል፣ ለመልሱ ይህን ያህል ብለህ ቀድመህ ትወስናለህ። ለመሆኑ አስተያየትህስ አያዳላም ያለው ማነው?

ምዘና ወዳጇ፦ እኔ ደግሞ የተመራማሪዋን የሩት በትለርን ጥናት ላንሳ፣ 1988 እ.ኤ.አ. የታተመውን። አንዳንዱ ልጅ ማርክ ብቻ፣ አንዳንዱ አስተያየት ብቻ፣ የቀረው ሁለቱንም አገኘ። በቀጣዩ ሥራ የተሻሻሉት አስተያየት ብቻ ያገኙት ናቸው። ሁለቱንም ያገኙት ማርክ ብቻ ካገኙት እምብዛም አልተሻሉም። ማርኩ አስተያየቱን ዋጠው ማለት ነው። ግን እውነቱን እንናገር፣ ልጆቹ የሠሩት ለጥናቱ የተዘጋጁ አጫጭር ሥራዎችን ነው። የዓመት ትምህርት አይደለም። ስለዚህ ማርክ ይጥፋ ለማለት ይህ ብቻውን አይበቃም።

ጢም ያለ ክፍል፦ ጥናቱ ጥሩ። ጊዜውን ማን ይስጠኝ? ክፍሌ እስከ በሩ ሞልቷል። ለእያንዳንዱ ልጅ ደብዳቤ ልጻፍ?

ምዘና ወዳጇ፦ ደብዳቤማ አትጻፍ። “ጥሩ ነው፣ ግን አሻሽል” የሚልም አትጻፍ፣ እሱን ከመጻፍ መተኛት ይሻላል። “ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ‘ስለዚህ’ ያልከው ከምን ተነስተህ ነው?” ካልከው ግን ልጁ ተመልሶ የሚሠራው ነገር አገኘ። አንድ መስመር በቂ ነው። ብዙዎቹ የሚጋሩትን ስህተት ደግሞ ሰሌዳ ላይ አንዴ ትጨርሰዋለህ።

ወላጅም መምህርም፦ ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ደካማው ልጅ ነው። ከ10 4 ያየ ልጅ “ሰነፍ ነኝ” ብሎ ይዘጋዋል፣ እሺ። 9 ያየችውስ? እሷም አታነብም! ጨርሻለሁ ብላ ታስቀምጠዋለች። በወላጅነቴ ግን ቁጥር እፈልጋለሁ። ካርድ እስኪመጣ ከጠበቅኩ ምን ዋጋ አለው?

ቀይ እስክሪብቶ፦ እርስዎ ያሉት ትክክል ነው። ማርኩን እኮ አልጣልኩትም፣ መዝገቤ ላይ አለ። አስተካክለው ሲመልሱ እነግራቸዋለሁ። የፈለገ ወላጅም መጥቶ ያያል።

የሒሳቡ ሰው፦ አሃ! ታዲያ አዘገየኸው እንጂ መች ተውከው?

ቀይ እስክሪብቶ፦ ማዘግየት በለው። እኔ የምፈልገው ቁጥሩ ከመምጣቱ በፊት አስተያየቱ እንዲነበብ ነው።

ጢም ያለ ክፍል፦ አስተካክሎ የማይመልሰውስ? እኔ ጋ ግማሹ አይመልስም።

ቀይ እስክሪብቶ፦ ለዚህ ነው ማስተካከያውን የቤት ሥራ የማላደርገው። ወረቀቱን በመለስኩበት ክፍለ ጊዜ እዚያው ይሠሩታል። አዲስ ትምህርት ያን ቀን የለም።

የሒሳቡ ሰው፦ ምዕራፉንስ ማን ይጨርስልህ?

ቀይ እስክሪብቶ፦ እሱስ ወደኋላ ይጎትተኛል፣ አልክድም።

የሒሳቡ ሰው፦ ፋይናል ላይም እንዲህ ነህ?

ቀይ እስክሪብቶ፦ ፋይናልማ ማርክ ነው። ከዚያ በኋላ ምን ያስተካክላሉ?

የሒሳቡ ሰው፦ ይቺን መጀመሪያ ብትላት ኖሮ ግማሹን ባልተከራከርን። የምዕራፉ ነገር ግን አልተዘጋም፣ ነገ እመለስበታለሁ።