ለልምምድ 22 ሽጉጥ ወይስ ቀጥታ 9 ሚሊ?

ጠያቂ (አዳማ፣ ፍራንኮ)፦ ሰላም ቤተሰብ። ዲቪ ደርሷት ዳላስ የገባች እህቴ ተኩስ ልማር ብላ ተነስታለች። ባሏ «መጀመሪያ ርካሽ 22 (ትንሽ ጥይት የሚተኩስ ሽጉጥ) እንግዛ» ይላል። እሷ ደግሞ ወታደር ስለነበርኩ እኔን ትጠይቃለች። እኔ የማውቀው ማካሮቭ የሚባለውን የሶቪየት ሽጉጥ ነው። 22 መጫወቻ ነው የሚሉት እውነት ነው?

መልስ፦ ኧረ ወንድሜ፣ ሰው ይገድላል! ግን ባልየው ልክ ነው። እኔም ያለሁት ቴክሳስ ነው፤ በአንድ የ9 ሚሊ ጥይት ዋጋ ሁለት ሦስት የ22 ይገዛል። ከዋጋው በላይ ደግሞ ጀማሪ ድምፁንና ግፊቱን ስለሚፈራ ጥይቱ ሳይወጣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ አፈሙዙን ይደፋል፤ ወረቀቱ ላይ ቀዳዳው ሁሉ ከመሃል በታች ይሰበሰባል። 22 ብዙም ስለማይገፋ ጣቷ ምላጩን ቀስ ብሎ መሳብ ይለምዳል። ርካሹ ሄሪቴጅ ራፍ ራይደር ነው፤ «ሲንግል አክሽን» የሚባለው ዓይነት ሪቮልቨር (ባለ ተሽከርካሪ ከበሮ ሽጉጥ) ስለሆነ በየተኩሱ መዶሻውን በአውራ ጣት መሳብ አለባት፣ ጥይቱንም አንድ በአንድ ነው የምታጎርሰው። እኔን ከጠየቅከኝ ትንሽ ጨምራ ቶረስ ቲኤክስ 22 ትያዝ፤ አሠራሩ እንደ ተለመደው 9 ሚሊ ሽጉጥ ስለሆነ ወደ 9 ሚሊ ስትሻገር አያያዙ አይለወጥባትም።

ሌላ መልስ፦ የ22 ጥይት አንዳንዴ ይከሽፋል። ከከሸፈ አፈሙዙን ከዒላማው ሳታነሳ 30 ሰከንድ ትጠብቅ። ጥይቱ እርሳስ የሚባለው መርዛም ብረት ነው፤ እጇን ሳትታጠብ እንጀራ እንዳትቆርስ።

ጠያቂ፦ እሺ፣ ለአማቼ እጅ ሰጥቻለሁ። እዚህ ያላችሁ ግን ያለ ፈቃድ እንዳትሞክሩት፣ የጦር መሣሪያ አዋጅ 1177/2012 አለ። ለ22ም የጆሮ መከላከያ ያስፈልጋል?

መልስ፦ በደንብ! በተለይ በተዘጋ የተኩስ መለማመጃ ውስጥ ከሆነ የሚተኮሰው። መነጽርም ጭምር።