እባካችሁ ድረሱልኝ፣ ሥዕሉ ላይ ጣሪያ አፈሰሰበት!

የቀሀ ልጅ፦ እናንተዬ ቶሎ መልሱልኝ። የጎንደርን ክረምት ታውቁታላችሁ። ሌሊት ቆርቆሯችን አፈሰሰና ውሃው የወንድሜ ሥዕል ላይ ወረደ። ወንድሜ አጎንብሶ ሲስል ከጎኑ ያሳያል፤ የሳለው ጓደኛው ነው። እጁና ብሩሹ ጋ ቀለሙ እንደ ቅርፊት እየተነሳ ነው። ወንድሜ ነገ ማታ ከአዲስ አበባ ይገባል፤ ስጦታው ነው፣ ገና አላየውም። ፀሐይ ላይ ላውጣው?

አዘዞ 12፦ አውጣው ወንድሜ። ሁለት ሰዓት ይበቃዋል።

ቀለም በጥባጭ፦ ኧረ እንዳታወጣው! የዘይት ቀለም ነው ወይስ አክሪሊክ፣ በውሃ የሚበጠበጠው?

የቀሀ ልጅ፦ እህት ነኝ። ቀለሙን እንጃ፣ ዘይት ዘይት ይሸታል። የሳለው ልጅ ስልኩ ዝግ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ ሥዕል እንዲህ በቀላሉ አይያዝም። እዚሁ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሂጂና እዪ። ሥዕሉ ጨርቅ ላይ ተስሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው፤ ስንት ክረምት አልፎበታል። ደግሞስ በአባቶቻችን አሳሳል ጻድቅ ሰው በሁለት ዓይኑ ያይሻል፤ በአንድ ዓይን ጎኑን የሚሰጥሽ ይሁዳ ነው። ወንድምሽን ለምን እንዲያ ሳሉት? ስህተቱ ከዚያ ይጀምራል።

የቀሀ ልጅ፦ ጋሼ፣ ሥራው ላይ ሆኖ ነዋ! እሱ ሲስል ቤት ቢቃጠል ቀና አይልም። የወደድኩትም ለዚያ ነው።

እታለም፦ ኪኪኪ ይኸው ውሃ እየወረደበትም ቀና አላለም።

ቀለም በጥባጭ፦ ዘይት ከሆነ ስሚኝ። ፊቱን ወደ ላይ አድርገሽ፣ እጅሽ ከሥሩ እንዲገባ ከፍ አድርገሽ ጠረጴዛ ላይ አስተኚው። ከጀርባው በደረቅ አቡጀዲ ጫን ጫን እያልሽ እርጥበቱን አስመጥጪ እንጂ አትፈትጊ። ፊቱን አትንኪ። ፀሐይ፣ ካውያ፣ የፀጉር ማድረቂያ፣ ኮላ፣ ሁሉም ይቅር። የራሰ ሸራ ይኮማተራል፤ ቀለሙ አብሮት ስለማይኮማተር ይረግፋል፤ ሙቀት ደግሞ ያብሰዋል። የረገፈውንም አትጣዪ፤ ፖስታ ውስጥ አስቀምጪው።

አዘዞ 12፦ ቀለም ታዲያ በምን ይደርቃል? በፀሐይ እኮ ነው።

ቀለም በጥባጭ፦ ልብስ አይደለም ወዳጄ። የተልባ ዘይቱ ከአየር ጋር ተዋህዶ ነው የሚጠጥረው። ላዩ ደረቀ ስትል ውስጡ ወራት ይፈጃል። እህት፣ መቼ ነው የተሳለው?

የቀሀ ልጅ፦ ከፋሲካ በኋላ።

ቀለም በጥባጭ፦ ገና ለጋ ነው። ቫርኒሽ እንዳትቀቢው።

እታለም፦ ወንድምሽ ራሱ ሠዓሊ አይደል? እሱ ይጠግነዋ።

የቀሀ ልጅ፦ «እንኳን ደህና መጣህ፣ ስጦታህን ጠግነህ ውሰድ» ልበለው?

ቀለም በጥባጭ፦ በይው። የጓደኛውን አሳሳል ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

አዘዞ 12፦ እኔ አሁንም ፀሐይ ነው የምለው።

እታለም (ከሳምንት በኋላ)፦ እህት፣ ሥዕሉ ምን ደረሰ? የኛም ጣሪያ ማፍሰስ ጀምሯል።