ክርክር፦ ተመሳሳይነቱ ከ20 በመቶ ያለፈ የመመረቂያ ጽሑፍ ይመለስ?

አወያይ፦ የቀረበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ጽሑፍን ከሌሎች ጽሑፎች ጋር በሚያስተያየው ቱርኒቲን በተባለ ፕሮግራም ሲለካ ከ20 በመቶ በላይ ያመጣ ጽሑፍ በፈታኞች ፊት ለመከላከያ አይቀርብም። ምን ትላላችሁ?

የድኅረ ምረቃ አማካሪ፦ እደግፋለሁ። ወሰን ከሌለ አንዱ አማካሪ 35ን ያሳልፋል፣ ሌላው 12ን ይመልሳል። ተማሪው በምን ይመራ?

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፦ እቃወማለሁ። ቱርኒቲን የሚያሳየው የተመሳሰለውን ጽሑፍ ነው፤ ስርቆት ነው አይደለም የሚለውን የሚፈርደው አንባቢ ነው። የዋቢ ዝርዝሩና በትእምርተ ጥቅስ የገባው ሳይቀነስ ከተለካ ቁጥሩ ያለ ጥፋት ያሻቅባል። 8 በመቶ ብቻ ያመጣ ጽሑፍ ግን ያ 8 ሁሉም ከአንድ ጥናት የውጤት ክፍል የተገለበጠ ቢሆንስ? የቱርኒቲን ሪፖርቱ ተከፍቶ ተመሳስሏል ተብሎ ቀለም የተቀባው በየመስመሩ ካልታየ ያ ያልፋል፣ ጥፋት የሌለበት 24 ይወድቃል።

የአማርኛ መምህር፦ በአማርኛ ይብሳል። ከእንግሊዝኛ ገጽ ሙሉ ተርጉሞ ምንጩን የደበቀ ተማሪ ቁጥሩ ዜሮ አጠገብ ሊሆን ይችላል። ፊደል በፊደል የሚያስተያይ ፕሮግራም ከሆነማ «ሠራተኛ»ን «ሰራተኛ» ማድረግ ብቻ ሊያሳስተው ይችላል። ችግሩ ያለው እዚህ ነው፦

ምንጩ፦ «የደጋው አፈር መሸርሸር የሚባባሰው ገበሬው ተዳፋት መሬትን ያለ እርከን ስለሚያርስ ነው።»

ተማሪው፦ «የደጋው አፈር መታጠብ የሚጨምረው አርሶ አደሩ ዘቅዛቃ መሬትን ያለ እርከን ስለሚያርስ ነው።»

ቃላቱ ተቀየሩ እንጂ የዓረፍተ ነገሩ አጥንት ያው ነው። ምንጭ ቢጠቀስ እንኳ በራስ ቃል ተጻፈ አይባልም። ሁለት ጊዜ ያንብብ፣ መጽሐፉን ይዝጋ፣ ለጓደኛው እንደሚያስረዳ ይጻፍ፣ ከዚያ ገልጦ ያመሳክር። ምንጩን እዚያው ያስገባ፤ «በኋላ እመለስበታለሁ» ያለው ምንጭ ይጠፋል። ለምሳሌ፦ «እርከን ሳይሠሩ ተዳፋት ማረስ ለደጋው አፈር መጥፋት ዋናው ምክንያት ነው።»

የድኅረ ምረቃ አማካሪ፦ «ዋናው» ምንጩ ላይ የለም። ጸሐፊው ያላሉትን አስባልናቸው።

የአማርኛ መምህር፦ ልክ ነዎት። «የደጋውን አፈር መሸርሸር ያፋጥናል» ይባል። ማመሳከሩ የማይዘለለው ለዚህ ነው።

የሕግ መምህር፦ አንድ ነገር አይምታታ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው አገላለጽን እንጂ ሐሳብን አይደለም። የሰውን ሐሳብ በራስ ቃል ጽፎ ምንጩን መተው በአዋጁ ላያስጠይቅ ይችላል፤ በትምህርት ሥነ ምግባር ግን ስርቆት ነው።

የድኅረ ምረቃ አማካሪ፦ እንግዲያው 20 መጣያ ሳይሆን ሪፖርቱን በግድ የምንከፍትበት ይሁን። ወሰኑን ግን አልተውም።

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፦ በዚያ እንስማማ፤ ከ20 በታች የሆነውም የውጤትና የውይይት ክፍሉ ይነበብ። ደግሞ ለመጨረሻው ሳምንት አይቆይ፤ በፕሮፖዛል ጊዜ 5 ገጽ ከነምንጮቹ ከተማሪው ጋር ይታይ።