የ13 ዓመት ልጄ የዳሌዋ ልም አጥንት አልቋል ተባለ፤ ከዚህ በኋላ ምን ማድረግ ይገባናል?

የደሴዋ እናት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ነገሩን ከመነሻው ማስረዳት ስላለብኝ ጽሑፌ ቢረዝም ይቅርታ እጠይቃለሁ። 7ኛ ክፍል የምትማር የ13 ዓመት ልጅ አለችኝ። ባለፈው ዓመት ከጥምቀት በኋላ ሳትወድቅና ሳትመታ ቀኝ ጉልበቷን ያማት ጀመር። ወደ አንድ ክሊኒክ ወስደናት ጉልበቷ ራጅ ተነሥቶ «ምንም የለባትም፣ የእድገት ሕመም ነው» ተባልንና የሕመም ማስታገሻ ይዘን ተመለስን። ብዙም ሳይቆይ ማነከስ ጀመረች፤ በፋሲካ ሰሞን ደግሞ ከበርጩማ ስትነሣ ግድግዳ መያዝ፣ ጫማዋን ለማሰርም ሌላ ሰው መጥራት ግድ ሆነባት። ከሁሉም ያስደነገጠኝ ቤተ ክርስቲያን ለመስገድ ስትሞክር ቀኝ እግሯ አልታጠፍ ብሎ ወደ ጎን እንደተከፈተ መቅረቱ ነው።

ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ሄደን የዳሌዋ ራጅ ተነሣ። በጭን አጥንቷ ራስና በዳሌዋ ጎድጓዳ መካከል ያለው ክፍተት በግራ በኩል 4 ሚሊ ሜትር ሲሆን በቀኝ በኩል 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም ተባለ። ትኩሳት የላትም፣ አልከሳችም፣ የደም ምርመራዋም ከጥቂት ከፍታ በስተቀር ደህና ነው። አንደኛው ሐኪም «ልም አጥንቱ አልቋል፣ ምክንያቱ ግን አልታወቀም» አሉን። ሌላኛው ደግሞ የአጥንት ቲቢ ሊሆን ስለሚችል መድኃኒቱ ሳይዘገይ ይጀመር የሚል አሳብ አላቸው። ዘመዶቼ በበኩላቸው ወጌሻ ታሽቷት ይላሉ። እኔ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ያለቀው ልም አጥንት ይመለሳል ወይ? ቲቢ መሆን አለመሆኑ እስኪታወቅ ድረስ መጠበቅ ይጎዳታል ወይ? እስከዚያውስ ትተኛ ወይስ ትንቀሳቀስ?

የሕፃናት አጥንት ሐኪም

እህቴ፣ ልጅዎን ሳላያት ምርመራ ልሰጥ አልችልም፤ ሆኖም ያቀረቡት ታሪክ ግልጽ ስለሆነ የምችለውን ያህል ላስረዳ። ከጉልበቱ እጀምራለሁ፣ ምክንያቱም ይህን የሚያነቡ ሌሎች ወላጆችም ይጠቀሙበታል። የዳሌን መገጣጠሚያ ስሜት የሚያደርሱት ነርቮች ወደ ጉልበትም ስለሚዘልቁ የልጆች የዳሌ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚሰማው ጉልበት ላይ ነው። ስለዚህ ጉልበቴን አመመኝ የሚል ልጅ ሁሉ ተኝቶ ዳሌው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ሳይዞር መሸኘት የለበትም፤ ይህ ፍተሻ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ መሣሪያም አይጠይቅም።

ለልጅዎ የተጠረጠረው ሕመም ኮንድሮላይሲስ ይባላል፤ የልም አጥንት፣ ማለትም በመገጣጠሚያ ውስጥ የአጥንቶችን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ክፍል፣ መሟሟት ማለት ነው። ዋልደንስትረም የተባለ የስዊድን ሐኪም በ1930 እ.ኤ.አ. የገለጸው የጭን አጥንት ራሳቸው ከእድገት መስመሩ ላይ በተንሸራተተባቸው ልጆች ላይ ነበር፤ በ1971 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጆንስ የተባለ ሐኪም ምንም መንሸራተት በሌለባቸው የደቡብ አፍሪካ ልጃገረዶች ላይ ያው ሕመም እንደሚታይ አሳወቀ። ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚመጣው ዓይነት በብዛት የሚይዘው በጉርምስና መግቢያ ላይ ያሉ ሴቶች ልጆችን ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዳሌ ላይ ብቻ ይወሰናል። ልም አጥንት ራሱ በራጅ አይታይም፤ የተለካላችሁ በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለው ክፍተት ነው፣ እሱም ከ3 ሚሊ ሜትር ሲያንስ መሣሣቱ ይገመታል። የእግሯ ወደ ጎን ተከፍቶ መቅረትም ከዚህ ሕመም ጋር የሚሄድ ነው፤ ጡንቻዎቹና የመገጣጠሚያው ሽፋን ስለሚኮማተሩ ዳሌው ታጥፎ፣ ወደ ጎን ተከፍቶና ወደ ውጭ ዞሮ ይደርቃል።

ይሁን እንጂ «ምክንያቱ ያልታወቀ» የሚለው ስም የሚሰጠው ሌሎቹ በሮች ሁሉ ተንኳኩተው ከተዘጉ በኋላ ነው። የጭን አጥንት ራስ መንሸራተት ከፊትና ከጎን በሚነሣ ራጅ ይጣራል። የመገጣጠሚያ በባክቴሪያ መመረዝ ብዙውን ጊዜ ከባድ ትኩሳትና መራመድ አለመቻልን በአጭር ቀናት ውስጥ ያመጣል፤ የእርስዎ ልጅ ታሪክ እንዲህ አይደለም። ከ16 ዓመት በፊት የሚጀምርና ቢያንስ 6 ሳምንት የሚቆይ የልጆች የመገጣጠሚያ ብግነት (ማበጥና መቆጣት) አለ፤ እሱ በዳሌ ላይ ብቻ የሚጀምረው እምብዛም ስላልሆነ የቁርጭምጭሚት፣ የእጅ አንጓና የመንጋጋ መገጣጠሚያዎቿ በጥንቃቄ ይፈተሹ፤ የዓይን ሐኪምም ይያት፣ የዚህ ብግነት የዓይን ጉዳት ያለ ሕመምና ያለ መቅላት ሊሄድ ይችላልና።

በአገራችን ግን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው ቲቢ ነው። የዳሌ ቲቢ ቀስ ብሎ የሚመጣ፣ ትኩሳት ላይኖረው የሚችል፣ ክፍተቱንም የሚያጠብ ስለሆነ ሁለተኛው ሐኪም መጠርጠራቸው ትክክል ነው። እኔ የምለይባቸው ናሙና ሳይወሰድ መድኃኒት ይጀመር በሚለው ላይ ብቻ ነው። የአጥንት ቲቢ ሕክምና በአብዛኛው እስከ 12 ወር ይዘልቃል። በጭፍን ከተጀመረና ልጅቷ ቢሻላት ያሻላት መድኃኒቱ ይሁን ወይስ ሕመሙ በራሱ ጊዜ በርዶ ይሁን ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ባይሻላት ደግሞ መድኃኒቱን የለመደ ቲቢ ነው ወይ የሚል ሌላ ጭንቀት ይከተላል። ከመገጣጠሚያው ፈሳሽና ከውስጠኛው ሽፋን ናሙና ተወስዶ ለጂን ኤክስፐርት (የቲቢን ጀርም ለሚለየው ምርመራ)፣ ለባክቴሪያ ማሳደጊያና ለፓቶሎጂ (በማይክሮስኮፕ ለሚደረገው ምርመራ) ሊላክ ይገባል። በኮንድሮላይሲስ ናሙናው የሚያሳየው ሥር የሰደደ ብግነት እንጂ ቲቢ የሚፈጥረው ዓይነት የሕዋሳት ስብስብ አይደለም። ናሙናውን ለማግኘት የሚያስፈልጉትን ጥቂት ሳምንታት መጠበቅ እንደ እርስዎ ልጅ ትኩሳት ለሌላትና ላልከሳች ልጅ የሚጎዳ አይመስለኝም፤ ከፍተኛ ትኩሳት ከመጣ ወይም እግሯን ጨርሶ ማንቀሳቀስ ካቃታት ግን በዚያው ቀን ሆስፒታል ትወሰድ። ኤም አር አይ (በማግኔት የሚነሣ የውስጥ አካል ምስል) ማግኘት ከቻላችሁ እጅግ ይረዳል፣ በሕመሙ መጀመሪያ በጭን አጥንቱ ራስ መካከለኛ ክፍል ላይ የሚታይ ለየት ያለ ምልክት አለውና።

ልም አጥንቱ ይመለሳል ወይ ለሚለው፣ ሕመሙ ሁለት ወቅት አለው። የመጀመሪያው ብግነቱና ሕመሙ የሚበረታበት ሲሆን ከ6 እስከ 16 ወር ሊቆይ ይችላል። ሁለተኛው ከ3 እስከ 5 ዓመት የሚዘልቀው ነው፤ በዚህ ጊዜ በአንዳንዶቹ ሕመሙ ይጠፋል፣ ክፍተቱም በከፊል ይመለሳል፤ በሌሎቹ ደግሞ ዳሌው እየደረቀ ይሄዳል። የትኛዋ ወደየት እንደምትሄድ ከወዲሁ የሚናገር ምርመራ የለም። በእጃችን ያለው ዋና ነገር ዳሌው በመጥፎ አቀማመጥ እንዳይደርቅ መጠበቅ ነው።

ተሳታፊ

ከዶክተሩ አሳብ ጋር እስማማለሁ፤ ነገር ግን ወጌሻን ሁሉ እንዲያው ማጣጣል አይገባም። እኔ እጄ ወልቆ የመለሱልኝ ወጌሻ ናቸው።

የሕፃናት አጥንት ሐኪም

የወለቀ እጅ ሌላ ነገር ነው፤ የእርስዎን ምስክርነትም አልክድም። ብግነት ባለበትና ልም አጥንቱ በሳሳ ዳሌ ላይ ግን ኃይል የተጨመረበት ማሸትና መጠምዘዝ ብግነቱን ያባብሳል። ችግሩ የራስ መንሸራተት ሆኖ ቢገኝ ደግሞ አንድ ጠንካራ ጥምዘዛ የጭን አጥንቱን ራስ ይበልጥ ሊያንሸራትትና ደም የሚያደርሱለትን ሥሮች ሊቆርጥ ይችላል። በዚህ ጉዳይ ላይ መልሴ አንድ ነው፤ ዳሌዋ አይታሽ።

ፊዚዮቴራፒስት

ትተኛ ወይስ ትንቀሳቀስ ለሚለው ጥያቄ ልመልስ። ልም አጥንት የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው በመገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሹ የሚገባለትም መገጣጠሚያው ሲንቀሳቀስ፣ ሲጨመቅና ሲላቀቅ ነው። ስለዚህ በቤታችን የተለመደው «አሟታልና ትተኛ» የሚለው ርኅራኄ የሳሳውን ልም አጥንት ማስራብ ይሆናል። በሌላ በኩል ሙሉ ክብደቷን ጥላበት እንድትሮጥም አንፈልግም። የምንፈልገው ክብደት የቀነሰበት እንቅስቃሴ ነው።

በተግባር ሲታይ ሁለት ክራንች በቁመቷ ተለክቶላት በታመመው እግሯ ላይ በከፊል ብቻ ትርገጥ። በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ለ20 ደቂቃ ያህል በደረቷ ትተኛ፤ በዚህ ጊዜ ፍራሹ ጠንከር ያለ ይሁን፣ ከሆዷ ሥርም ትራስ አይደረግ። ይህ ቀላል የሚመስል ነገር የዳሌውን መታጠፍ ለመቀነስ ከማውቃቸው ሁሉ የተሻለው ነው፣ ልጆችም መጽሐፍ እያነበቡ ያደርጉታል። ከዚያም በጀርባዋ ተኝታ ተረከዟን ፍራሹ ላይ እያንሸራተተች ጉልበቷን ወደ ደረቷ ትሳብ፣ እግሯንም ወደ መካከል ትመልስ፤ የሚለጠጥ ስሜት ይፈቀዳል፣ የሚወጋ ሕመም ሲመጣ ግን ይቆማል። ሐኪሟ ያዘዙላት የብግነት ማስታገሻ ካለ ከምግብ ጋር ወስዳ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ብትሠራ ይቀላታል። ለብ ያለ ውኃ የሞላ ገንዳ የምታገኙ ከሆነ ውኃው ክብደቷን ስለሚሸከምላት ከሁሉም የሚመረጠው እሱ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ዳሌዋ ወደ ጎን ተከፍቶ ስለደረቀ ወገቧ ይዘማል፣ ቀኝ እግሯም ከግራው የረዘመ ይመስላል። ይህን አይተው ለግራ ጫማዋ ተረከዝ የሚያስጨምሩ ወላጆች አጋጥመውኛል። አጥንቱ ግን አልረዘመም፤ ተረከዙ መዝመሙን እንዲለመድ ያደርገዋል። በሜትር ተለክቶ እውነተኛ ልዩነት እስካልተገኘ ድረስ ጫማዋን አትንኩት።

ከሜሪላንድ

እኔ ይህን ሕመም ያወቅሁት በ12 ዓመቴ ነው፤ ዛሬ 31 ዓመቴ ነው። ሁለት ዓመት ያህል በክራንች ተመላለስኩ። ሕመሙ በ15 ዓመቴ ገደማ ለቀቀኝ፣ መድረቁ ግን አብሮኝ ቀረ። ተምሬ ተመረቅሁ፣ ሥራ ያዝኩ፣ አንድ ልጅም ወለድኩ፤ እግሬ እንደ ሌላ ሰው ስለማይከፈት አዋላጆቹ በጎኔ አስተኝተው አዋለዱኝ። ይህን የምጽፈው እናቶች ሊጠይቁት እያፈሩ የሚጨነቁበት ጉዳይ መሆኑን ከእናቴ ስለማውቅ ነው።

በ28 ዓመቴ ሕመሙ ስለተመለሰ እዚህ አሜሪካ ዳሌዬ በሰው ሠራሽ ተተካ። ለውጡ ትልቅ ነው፤ ደረጃ እየተፈራረቅሁ በሁለቱም እግሬ መውጣት የቻልኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪሞቼ ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ እንዳልቀመጥ ስላዘዙኝ ቡና የማፈላው ከፍ ባለ ወንበር ላይ ሆኜ ነው፣ ስግደትም በወገቤ ዝቅ በማለት ብቻ ነው። ሆኖም ለ13 ዓመት ልጅ ማንም ይህን እንዲያስቸኩል አልመክርም።

የሕፃናት አጥንት ሐኪም

እህታችን የመጨረሻውን በትክክል ተናግራለች። ጆን ቻርንሊ በእንግሊዝ አገር በ1962 እ.ኤ.አ. ዘመናዊውን የዳሌ መተካት ከጀመሩ ወዲህ ሥራው እጅግ ተሻሽሏል፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ሰፊ ጥናት ከተተኩት ዳሌዎች 58 በመቶ ያህሉ 25 ዓመት እንደሚቆዩ ገምቷል። ነገር ግን ጥናቱ በአብዛኛው የሚናገረው ስለ አረጋውያን ነው። በ13 ዓመቷ የተተካላት ልጅ በሕይወቷ ዘመን ደግሞ ደጋግሞ መቀየር ሊያስፈልጋት ይችላል፣ እያንዳንዱ ቅያሪም ከፊተኛው ይከብዳል። በመካከል የሚሞከሩ ሌሎች ቀዶ ሕክምናዎች አሉ፤ የተኮማተሩትን ጅማቶች ማላቀቅና በውጭ በሚታሠር ብረት ለጥቂት ወራት መገጣጠሚያውን ማራቅ ከእነዚህ ናቸው። ውጤታቸው ከልጅ ልጅ ስለሚለያይ ፊዚዮቴራፒው በቅጡ ሳይሞከር አይታሰቡ።

የደሴዋ እናት (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ናሙናው እንዲወሰድ ዛሬ ከሐኪሟ ጋር ተነጋግሬ ቀጠሮ ተሰጥቶናል፣ የዓይን ሐኪምም እናሳያታለን። ለጫማዋ ተረከዝ ልታስጨምር የነበረችው እኔ ነኝ፤ ትቼዋለሁ። የቀረኝ አንድ ጥያቄ አለ። የትምህርት ቤቷ መጸዳጃ ቁጢጥ ተብሎ የሚቀመጡበት ስለሆነ ልጄ ውኃ መጠጣት ትታ እስከ ማታ ትውላለች። ምን ላድርግ?

ፊዚዮቴራፒስት

ይህ ከምትገምቱት በላይ ብዙ ልጆችን ከትምህርት ገበታ ያስቀራል። መቀመጫው መካከሉ የተቆረጠ፣ አራት እግር ያለው የእንጨት ወንበር በሠፈር አናጢ ያሠሩ፤ ቁመቱ ስትቀመጥ ዳሌዋ ከጉልበቷ ጥቂት ከፍ እንዲል የሚያደርግ ይሁን፣ እግሮቹም እንዳይንሸራተቱ ከሥር የጎማ ቁራጭ ይመታባቸው። ከርእሰ መምህሩ ጋር ተነጋግረው አንዱ መጸዳጃ ውስጥ ይቀመጥላት። በክፍል ውስጥም ቀኝ እግሯን ወደ መተላለፊያው ዘርግታ መቀመጥ እንድትችል የዴስኩ ጫፍ ላይ ትሁን፣ በየክፍለ ጊዜው መካከልም ተነሥታ እንድትቆም ይፈቀድላት።