በፕሮሰሶች መካከል የጋራ መዝገብ መያዝ አቃተኝ፣ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ተቸክዬ ቀርቻለሁ።

በፓይተን የቲሲፒ ቻት ሰርቨር እየሠራሁ ነው። መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ትሬድ (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) እከፍት ነበር፤ ማን እንደገባ የሚይዘው መዝገብ (ዲክሽነሪ) ለሁሉም ትሬዶች ስለሚታይ ችግር አልነበረም። መልእክት የሚያጣራ ከባድ ኮድ ስጨምርበት ግን ሥራው ሁሉ ከአንድ የፕሮሰሰር ኮር አልወጣ አለኝ፤ ስለዚህ ወደ 4 ፕሮሰሶች (የየራሳቸው ሜሞሪ ይዘው ለየብቻ ወደሚሄዱ ፕሮግራሞች) ከፋፈልኩት። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተበላሸ። ፎርክ ሲደረግ (ፕሮሰሱ ራሱን ሲያባዛ) እያንዳንዱ ልጅ ፕሮሰስ የራሱን ቅጂ ይዞ እንደሚሄድ አሁን ገብቶኛል፤ አንዱ የመዘገበውን ሌላው አያየውም።

ከመልቲፕሮሰሲንግ ሞጁል፣ ፕሮሰሶች እንዲጋሩት የተሠራውን የማኔጀርን ዲክሽነሪ ወሰድኩ። (የግንኙነቱን መስመር፣ ማለትም ሶኬቱን፣ ሳይሆን የተጠቃሚውን ስም ብቻ ነው የማስቀምጥበት።) ግራ ያጋባኝ እዚህ ጋ ነው፦ አዲስ የውይይት ክፍል ስከፍት ስሙ ለሁሉም ይታያል፤ በክፍሉ ሊስት ላይ አባል በአፔንድ ስጨምር ግን ሊስቱ ባዶ እንደሆነ ይቀራል። የስህተት መልእክት እንኳ አይወጣም! ሊስቱን አውጥቼ፣ ስሙን ጨምሬ፣ መልሼ ስመድበው ይሠራል። ነገር ግን ሁለት ሰዎች እኩል ሲገቡ የአንዱ ስም ይጠፋል።

በሎክ (አንዱ ሲጽፍ ሌላውን በሚያስቆም ቁልፍ) ልጠብቀው አሰብኩና በየመልእክቱ ሎክ መያዝ ሰርቨሩን ያዘገየዋል ብዬ ፈራሁ። ሎኩ ሰው ሲገባና ሲወጣ ብቻ ቢያዝ ይበቃል? ወይስ መዝገቡን አንድ ፕሮሰስ ብቻ ይዞት ሌሎቹ በኪው (በመልእክት ወረፋ) ቢጠይቁት ይሻላል? በተግባር የሞከራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ኮዱን አሳዩኝ።