ኢኤስፒ32 ቦርዴን ላፕቶፑ አያውቀውም፤ ለጫጩት ማስፈልፈያ ነበር የፈለግሁት

ጠያቂ፣ ከደሴ

ሰላም ለሁላችሁም። እናቴ ገራዶ ዶሮ ታረባለች። ታቃፊ ዶሮ በሌለችበት ጊዜም ጫጩት እንድታገኝ ከእንጨት ሣጥን፣ ከአምፖልና ከትንሽ ማራገቢያ የእንቁላል ማስፈልፈያ ሠርተንላታል። ሙቀቱን የምትቆጣጠረው ግን ቴርሞሜትር እያየች አምፖሉን በእጇ በማብራትና በማጥፋት ነው፤ በዚህ ብርድ ሌሊቱን ስትነሣ ስትተኛ ታነጋለች። ይህን ሥራ እንዲረከባት ኢኤስፒ32 ቦርድ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ)፣ ዲኤችቲ22 የሙቀት ሴንሰርና አንድ ሪሌ (በቦርዱ ትእዛዝ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ከአዲስ አበባ አስመጣሁ።

ችግሩ ከመጀመሪያው እርምጃ ላይ ነው። ቦርዱን በዩኤስቢ ገመድ ሳገናኘው ቀዩ መብራት ይበራል፤ ፕሮግራም ወደ ቦርዱ በሚጫንበት በአርዱዊኖ ሶፍትዌር ውስጥ ግን የፖርቱ (የመገናኛ መስመሩ) ዝርዝር ባዶ ነው። ላፕቶፑ ዊንዶውስ 10 ነው። ቦርዱ ተበላሽቶ ይሆን? ልመልሰው ወይስ የምሞክረው ነገር አለ?

መልስ፣ ከወልድያ

እህቴ፣ ለመመለስ አትቸኩይ። ቀዩ መብራት የሚነግርሽ ኤሌክትሪክ መድረሱን ብቻ ነው። መጀመሪያ ገመዱን ፈትሺ። ከቻርጀር ጋር የሚመጡ ብዙ ርካሽ ገመዶች ውስጣቸው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው ያለው፤ ዳታ የሚያመላልሱት ሌሎቹ ሁለት ሽቦዎች የሉም። በዚያው ገመድ ስልክሽን ከላፕቶፑ ጋር አገናኚና ስልኩ ላይ ፋይል ማስተላለፍ የሚለውን ለመምረጥ ሞክሪ። ስልኩ ቻርጅ እያደረገ ላፕቶፑ ካላወቀው የቦርዱ ጥፋት አይደለም። አዲስ ስትገዢም እዚያው ሱቁ ውስጥ አስፈትሺው፤ ደህና ቦርድ በገመድ ምክንያት ሲጣል ማየት ያሳዝነኛል።

መልስ፣ ከኮምቦልቻ

ገመዱ ደህና ከሆነ ቀጥሎ የሚጠረጠረው ድራይቨሩ፣ ማለትም ላፕቶፑ ቦርዱን እንዲያውቅ የሚያደርገው ሶፍትዌር ነው። ከዩኤስቢ መሰኪያው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ጥቁር ቺፕ በስልክሽ ካሜራ አጉልተሽ አንብቢ። ሲፒ2102 ካለች ድራይቨሩን ከሲሊከን ላብስ ድረ ገጽ ታገኚዋለሽ፤ ሲኤች340 ካለች ደግሞ የደብሊውሲኤች ነው። ዲቫይስ ማናጀር በሚባለው የዊንዶውስ የመሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ቢጫ ምልክት ያለበት መሣሪያ ከታየሽ ገመዱ ሠርቷል፣ ድራይቨሩ ጎድሏል ማለት ነው። ገመዱን ስትነቅይና ስትሰኪ ዝርዝሩ ላይ ምንም ካልተለወጠ ግን ወደ ወልድያው ወንድማችን ምክር ተመለሺ።

በዚያው አጋጣሚ፣ ለአርዱዊኖ ሶፍትዌር የሚያስፈልገው የኢኤስፒ32 ጥቅል በመቶዎች ሜጋባይት የሚቆጠር ነው። ዋይፋይ ካለበት ቦታ አውርጂው እንጂ በሞባይል ዳታ አትጀምሪው።

ጠያቂ፣ ከደሴ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ገመዱ ነበር። በሌላ ገመድ ስሞክረው የሲፒ2102 ድራይቨር እንደጎደለ ታየ፤ እርሱን ስጭን በፖርቱ ዝርዝር ላይ ኮም5 ብሎ መጣ። ቦርዱን «ኢኤስፒ32 ዴቭ ሞጁል» ብዬ መርጫለሁ። አሁን ግን ፕሮግራም ልጭን ስል «ኮኔክቲንግ» ይልና ነጥብ በነጥብ ሲደረድር ቆይቶ አልተሳካም ብሎ ያቆማል።

መልስ፣ ከከሚሴ

የመጫኛ ፍጥነቱ 921600 ከሆነ ወደ 115200 አውርጂው። ለእኔ ሠርቶልኛል።

መልስ፣ ከሐይቅ

ፍጥነቱን መቀነስ መጫኑ ተጀምሮ መሃል ላይ ሲቋረጥ ይረዳል። እዚህ ግን ገና ግንኙነቱ ራሱ አልተፈጠረም፤ ሶፍትዌሩ ቦርዱን መጀመሪያ የሚጠራው በ115200 ነው፣ ወደ ተመረጠው ፍጥነት የሚሸጋገረው ቦርዱ ከመለሰ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቦርዱ ዋና ቺፕ በተነሣ ቁጥር ፒን 0ን (ከቦርዱ እግሮች አንዱን) ያያል። ፒኑ ከግራውንድ (ከዜሮ ቮልቱ መስመር) ጋር ከተገናኘ አዲስ ፕሮግራም ለመቀበል ይጠብቃል፤ ካልተገናኘ ያለውን ፕሮግራም ማስኬድ ይጀምራል። ይህን ቦርዱ በራሱ እንዲያደርገው ተብሎ የተሠራ ሰርኪዩት አለው፤ በአንዳንድ ቦርዶች ላይ ግን ጊዜው አይገጥምም። ስለዚህ በእጅሽ አግዢው፦ ነጥቦቹ መደርደር ሲጀምሩ «ቡት» የተጻፈበትን ቁልፍ ተጫኚና ያዢ፤ የመጫኑ ፐርሰንት መቁጠር ሲጀምር ልቀቂ። በየጊዜው መያዙ ከሰለቸሽ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር «ኢኤን» በሚለው ፒንና በግራውንድ መካከል አስገቢ፤ ፖዘቲቩ እግር ወደ ኢኤን ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ሴንሰሩንም ሪሌውንም ንቀይ። ባዶው ቦርድ መብራት ማብለጭለጭ ሳይችል ሌላ ነገር አይታከልበት።

ጠያቂ፣ ከደሴ

ብልጭ ድርግም እያለ ነው! እናቴም መጥታ አየችው። ወደ ዋናው ሥራ ልግባ፦ ሴንሰሩን ፒን 12 ላይ፣ ሪሌውን ፒን 34 ላይ ላደርግ አስቤያለሁ። ደግሞስ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ፕሮግራሙን እንደገና መጫን ይኖርብኛል?

መልስ፣ ከሐይቅ

አይኖርብሽም። ፕሮግራሙ ፍላሽ በተባለው የቦርዱ ማከማቻ ላይ ስለሚቀመጥ መብራት ሲመጣ በራሱ ይጀምራል። ፒኖቹን ግን ቀይሪ። ከ34 እስከ 39 ያሉት ግብዓት ብቻ ይቀበላሉ፤ ሪሌ ማዘዝ አይችሉም። ፒን 12 ደግሞ ቦርዱ ሲነሣ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ካገኘ ቦርዱ ላይነሣ ይችላል፤ የዲኤችቲ22 የዳታ መስመር ደግሞ ያለ ሥራ ሲቆይ ከፍ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ሴንሰሩን 27 ላይ፣ ሪሌውን 26 ላይ አድርጊ። ሴንሰሩ ባለ አራት እግር ከሆነ በዳታውና በ3.3 ቮልት መካከል 10 ኪሎኦም ሬዚስተር አስገቢ፤ ባለ ሦስት እግሩ ሞጁል አብዛኛውን ጊዜ ሬዚስተሩን ይዞ ይመጣል። ንባቡንም በሁለት ሴኮንድ አንድ ጊዜ እንጂ ከዚያ አታፍጥኚው።

መልስ፣ ከኮምቦልቻ

ልጄ፣ የኤሌክትሪክ ሥራ ላይ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ስለ 220 ቮልቱ እኔ ልናገር። በሪሌው በኩል የሚያልፈው ፌዙ (ኤሌክትሪክ ያለበት ሽቦ) ይሁን፤ ኑትራሉ (የመመለሻው ሽቦ) በቀጥታ ወደ አምፖሉ ይሂድ። ፌዙን «ኮም» እና «ኤንኦ» በተባሉት የሪሌው መጋጠሚያዎች አሳልፊው፤ ሁለቱ ያለ ትእዛዝ ስለማይገናኙ ቦርዱ ቢሞት አምፖሉ ጠፍቶ ይቀራል። ሪሌው 5 ቮልቱን ከቪን ፒን ይውሰድ። አምፖሉን ከማገናኘትሽ በፊት ሪሌው በትእዛዝ ቀጭ ሲል በጆሮሽ ስሚ፤ በ3.3 ቮልት ትእዛዝ በትክክል የማይጠፉ ሞጁሎች አሉና። ሽቦ በምትነኪበት ጊዜ ሶኬቱ ይነቀል፤ ሪሌውም እጅ በማይደርስበት ሣጥን ይታሸግ።

አንድ ነገር አደራ፦ የሪሌ መጋጠሚያ ተጣብቆ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ያኔ ፕሮግራሙ አጥፋ ቢልም አምፖሉ አይጠፋም። ለእንቁላል ደግሞ ለጥቂት ጊዜ ከመቀዝቀዝ ይልቅ ከልክ በላይ መሞቅ የከፋ ነው። ስለዚህ 39 ዲግሪ አካባቢ የሚቆርጥ ሜካኒካል ቴርሞስታት ከአምፖሉ ጋር በተከታታይ አስገቢ።

ማራገቢያ ስላላችሁ የምትፈልጉት 37.5 ዲግሪ ነው። በዚያችው ነጥብ አብራ አጥፋ ካልሽው ሪሌው ያለ ዕረፍት ሲቀጫቀጭ ያረጃል፤ 37.3 ላይ አብራ፣ 37.7 ላይ አጥፋ በይው። ዲኤችቲ22 እስከ ግማሽ ዲግሪ ሊሳሳት ስለሚችል ከእናትሽ ቴርሞሜትር ጎን ለጎን አስቀምጠሽ ልዩነቱን በፕሮግራሙ አስተካክይ። እንቁላል ሳይገባበት አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይሥራ፤ በተለይ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት እስከ ንጋት ያለውን ንባብ ተመልከቺ። በዚያ ብርድ አምፖሉ ሳያቋርጥ በርቶም ሣጥኑ 37 ካልደረሰ፣ ማስተካከል ያለባችሁ ፕሮግራሙን ሳይሆን የሣጥኑን ግድግዳ ነው።